በኢሜይል የመጣው መርዶ

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ አልከራከርም። የበደለኝን ሰው "ተይው፣ እግዜር ያየዋል" ሲሉኝ፣ እግዜር እስኪያየው እኔም ባየው ምን አለበት እላለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ንስሐ ነው ብላችሁ እንዳታነቡት፤ ለንስሐዬ የነፍስ አባት አሉኝ። የምጽፈው ሳትጠሩት የሚመጣባችሁን ማስታወቂያ "ይኼ ደግሞ ምን ጉዳት አለው" እያላችሁ ለምታልፉ ሁሉ ነው። ጉዳት አለው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ሞላሌ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳ ነበር። ደብሪቱ ጸሐፊዋ ይሉኛል። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፤ ሁለቱ የተገናኙ ቀን ተገልጋዩ ከበረንዳዬ አልፎ መንገዱን ይሞላዋል። የአገሩ ሴት ልጆች በብዛት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱበት ዘመን ነበር። ኤጀንሲዎቹ ደግሞ የቤተሰብ ኢሜይል አምጡ ይላሉ። ከሞላሌ ገጠር ማን ኢሜይል አለው? ልጆቹ "የደብሪቱን ጻፉት" ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የእኔ አድራሻ የአገሩ ሁሉ አድራሻ ሆነ።

ልጆቹ እመቤቶቻቸው ሲፈቅዱላቸው በስልክ ይደውላሉ። በኢሜይል የሚመጣው ግን ጠንከር ያለው ነገር ነው፤ የመታሰር፣ የመታመም፣ ከቤት የመጥፋት ወሬ። አንዴማ የአንዲት ልጅ ሞት በዚሁ መንገድ ተነግሮናል። መልእክቱን አትሜ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ገና ከሩቅ ወረቀት ይዤ ሲያዩኝ እናቶቹ ሥራቸውን ጥለው ፊቴን ነበር የሚያነቡት።

እኔን ያሳደገችኝ የእናቴ ታናሽ እህት እቴቴ ወርቄ ናት። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ከልጇ ከሙሉ ጋር አንድ አድርጋ አሳደገችኝ። ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ የምንበላው እሷ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ከምትሸጠው ነበር። ፈትሏ ቀጭን፣ እኩል፣ የማይበጠስ ስለሆነ ሸማኔዎች ከዘመሮ ድረስ ይመጡላታል። እኔ ደብረ ብርሃን ሄጄ የኮምፒውተር ጽሕፈት የተማርኩት በእሷ ቀኝ እጅ ነው። ሙሉ ሪያድ ከሄደች ወዲህ መጀመሪያ አዘውትራ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ስልኳ ዝግ ነው። ኤጀንሲው "እናጣራለን" ይላል እንጂ ሲያጣራ አላየሁም። እቴቴ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አታወራም። ዝም ብላ ትፈትላለች።

ነገሩ የደረሰው የገበያ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ሴትዮ የመሬት ክርክር ማመልከቻ ልታስጽፈኝ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ኢሜይል ገባ። ላኪው "መረጃ ክፍል" ይላል። ርዕሱ ደግሞ "ስለ ልጅዎ አስቸኳይ መልእክት" ይላል።

ከፈትኩት። ውስጡ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ "ዝርዝሩን በአባሪው ይመልከቱ።" አባሪውን ተጫንኩ። እየተንፏቀቀ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተነሣ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ መብራቱ ድርግም አለ።

ሴትዮዋ ማንበብ ትችል ኖሯል። "ደብሪቱ፣ የማን ልጅ ነው የሚለው?" አለችኝ።

"ስም የለውም። አባሪው ላይ ይሆናል።"

"የኔም ልጅ እኮ እዚያው ናት" አለችና ማመልከቻዋን ጥላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ በረንዳዬ በእናቶች ሞላ።

ያችን ቀን አልረሳትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ጠፍቶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ያዩታል። አንዷ "የኔ ልጅ እሑድ ደውላልኛለች" ትላለች፤ ሌላዋ "የኔ ትናንት ማታ አናግራኛለች" ትላለች። እንዲህ ያለችው ሁሉ እፎይ ትልና ወዲያው በማለቷ አፍራ ከመሀል ወደ ዳር ትወጣለች። ዳሩ እየሞላ፣ መሀሉ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ሁሉም እኔን ያዩኝ ጀመር። ማንን እንዳሰቡ ገባኝ። እቴቴ ወርቄ ከወንዙ ማዶ ቤቷ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ ምንም አልሰማችም።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ተክሌ ተጠርተው መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በአገሩ መርዶ ሁሉ ላይ የሚቆሙ ሰው ናቸው። መልእክቱን በቃሌ አልኩላቸው።

"የሟች ስም አልጠራም?" አሉኝ።

"ሞተች አላለም እኮ ጋሼ።"

"አይልም። ሞተች ብሎ ዘርግፎ የሚጽፍ ባለጌ ነው። ይኼ ግን ስም ሳይጠራ፣ ሞት ሳይል፣ ተዘጋጁ ብሎ ቀስ አድርጎ አመጣው። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።"

አንባቢዎቼ፣ ለከተማ ሰው ይህ አነጋገር ሊያስቅ ይችላል። በእኛ አገር ግን መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ሽማግሎች ጎህ ሳይቀድ ደጅ ይቆማሉ። "እንደምን አደርሽ" ሲባሉ ዝም ይላሉ። ያኔ ባለቤቱ ራሱ ይረዳዋል። ስም የሌለው፣ አስቸኳይ የሆነ፣ ዙሪያውን ሄዶ የቀረው ውስጥ አለ የሚል ነገር ለጋሼ ተክሌ መርዶ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ሌላ አልመሰለኝም።

ሆኖም "መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ" አልኳቸው። "አባሪው ሳይከፈት እንዴት እንናገራለን?"

"ነገ ገበያ ነው። ወርቄ ፈትሏን ይዛ ትወርዳለች። ይኼን ሁሉ ሴት አየሽው? አንዷ አልቅሳ ትጠመጠምባታለች። ገበያ መሀል መርዶዋን ልትሰማ? በሰው እግር ሥር ልትወድቅ?"

መብራቱ ሳይመጣ መሸ። ኤጀንሲው ጋ ብደውል ስልኩ አይነሣም።

ጎህ ሳይቀድ ጋሼ ተክሌና ሌሎች የእድሩ ሽማግሎች ወንዙን ተሻግረው ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውሻው ጮኸና በሩ ተከፈተ። እቴቴ ጋቢዋን ደርባ ብቅ አለች።

"እንደምን አደራችሁ? ምነው በዚህ ጠዋት?"

ማንም አልመለሰም። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ደብሪቱ? ምነው ከነሱ ጋር ቆምሽ?"

ጋሼ ተክሌ ብቻ "ወርቄ፣ እግዜር የሰጠውን ሲወስድ…" ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እቴቴ "ሙሉዬን!" ብላ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ነጨች፤ ሴቶች ደርሰው ሳይዟት በጀርባዋ ወደቀች። ስናነሣት አፏ ወደ ጎን ሄዷል። "እቴቴ፣ እቴቴ" ስላት በግራ ዓይኗ ታየኛለች፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ሌላ ሰው እጅ ከጎኗ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ከተረፈችም እጇ መመለሱን እንጃ አሉን። እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ አምፖሉ በራ። መብራት መጣ።

እየሮጥኩ ወደ ሱቄ ወጣሁ። ጋሼ ተክሌም እያለከለኩ ተከትለውኝ በሩ ላይ ቆሙ። ኮምፒውተሩን አስነሣሁ፤ አባሪውን ተጫንኩ። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። መጀመሪያ የሚስቁ ሰዎች ጭንቅላት፤ ቀጥሎ አንገታቸው፤ ቀጥሎ የተቀመጡበት ቀይ ነገር።

ሶፋ ነው።

"ልጅዎ በሰው አገር ደክማ የላከችልዎትን በከንቱ አያጥፉ! ቤትዎን በዘመናዊ ሶፋ ያሳምሩ!" ይላል። ከሥሩ የሱቁ ስምና አዲስ አበባ ያለው አድራሻ አለ። ከእሱም ሥር በደቃቅ ፊደል "ተጨማሪ መልእክት እንዲደርስዎ ካልፈለጉ አልፈልግም ብለው ይመልሱልን" የሚል።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ ጋሼ ተክሌ።

"ወንበር ነው ጋሼ።"

"የምን ወንበር?"

"የሚሸጥ ወንበር። ማስታወቂያ ነው።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። "እኛ ነን የገደልናት" አሉ።

"አይደለም" አልኳቸው። "ይኼ ነው።" ጣቴን የሱቁ አድራሻ ላይ አደረግኩት። ልቤ ቆረጠ። ያን ሰው ሳላገኘው እንቅልፍ እንደማይወስደኝ እዚያው አወቅኩ።

እቴቴ ተረፈች። ግን ከአንድ ሁለት ቃል በላይ መናገር አቃታት፤ ቀኝ እጇም ሞቶ ቀረ። በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ፤ ሙሉ ናት። እመቤቷ ስልኳን ቀምታት ኖሮ ቤት ቀይራ በሰው ስልክ ነው የደወለችው። "ደህና ነኝ፣ እማዬን አገናኚኝ" ትለኛለች። ስልኩን እቴቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። ልጇ "እማዬ፣ እማዬ፣ ምነው አታናግሪኝም?" ትላለች፤ እቴቴ አፏ እየተጣመመ እንባዋን ታወርዳለች። ያን ቀን በሆዴ የነበረው ሐዘን ሁሉ ወደ ቂም ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አላለቀስኩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሕግ ነው። መንግሥት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አውጥቷል፣ ሰው ሳይፈቅድ ማስታወቂያ በኢሜይል መላክም ወንጀል ሆኗል ሲባል ሰምቼ ነበር። ማስታወቂያውን አትሜ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አንዲት ወጣት ዐቃቤ ሕግ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። አዋጁን አውጥታም አነበበችልኝ። እውነት ነው፤ ያልፈቀደ ሰው ዘንድ ዕቃ ለመሸጥ ኢሜይል የበተነ ይታሰራል ይላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለችኝ። "ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከጻፈ፣ ተቀባዩም አልፈልግም የሚልበትን ቀላል መንገድ ካስቀመጠ ግን አያስቀጣም።" የያዝኩትን ወረቀት ገልብጣ ሥሩን አሳየችኝ። "አድራሻውን ጽፏል። አልፈልግም በሉኝም ብሏል።"

"አልፈልግም የምለው ከከፈትኩት በኋላ አይደለም እንዴ? ከሞትን በኋላ?"

"ገብቶኛል እህቴ።"

"ርዕሱስ? 'ስለ ልጅዎ አስቸኳይ' የሚለው ውሸትስ?"

"ስለ ርዕሱ አዋጁ ምንም አይልም። ማታለል ነው ብዬ እንዳልከስ ደግሞ ከእናንተ የወሰደው ነገር የለም።"

"እጇን ወስዷል" አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ይህ ሰው ከእስር ለማምለጥ ሲል እውነተኛ አድራሻውን ጽፏል። ከሕግ ያዳነው ነገር ለእኔ ቤቱን አሳይቶኛል።

አዲስ አበባ ሄጄ ሱቁን አገኘሁት። ባለቤቱ ሰይፉ የሚባል፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ፈገግታ የማይጠፋው ሰው ነው። ሶፋ ላይ ተቀመጪ አለኝ፤ አልቀመጥም አልኩት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ተመለሰ።

"በጣም አዝናለሁ። ግን እኛ የሰው ክፉ አልተመኘንም፤ ሥራ ነው። አድራሻዎቹን ከኤጀንሲ ሠራተኛ ነው ያገኘናቸው። ባይሆን ለእናታችን አንድ ሶፋ በነፃ እልክላታለሁ።"

"ርዕሱን ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ራሴ ነኝ።"

"አገርህ የት ነው?"

የምንታረቅ መስሎት ፊቱ በራ። "የአገር ልጆች እኮ ነን! የግሼ ልጅ ነኝ፤ ራቤል። እናቴ አሁንም እዚያው ናት።"

"ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የኛ ሰው ምን እንደሚሆን ጠፍቶህ ነው?"

ሳቅ አለ። ይቺን ሳቁን እግዜርም አይርሳት። "እንዲያውም ስለማውቅ ነው። እንዲህ የሚል ነገር አገር ቤት ያለ ሰው ሳይከፍት አያድርም። ሌላው ነጋዴ 'ታላቅ ቅናሽ' እያለ ይጽፋል፤ ማን ይከፍትለታል?"

ጋሼ ተክሌ አልተሳሳቱም ነበር። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ድምፄን ግን አለሳለስኩ። "እናትህ ማን ይባላሉ? ምናልባት ዘመዶቼ ያውቋቸው ይሆናል" አልኩት። ወይዘሮ በለጡ እንደሚባሉ፣ ቤታቸው በየትኛው ቤተ ክርስቲያን በኩል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚወዳቸው ሁሉ ዘርዝሮ ነገረኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሞላሌ ተመልሼ ያሰብኩትን ለጋሼ ተክሌ ነገርኳቸው።

"እኔ አልዋሽም" አሉኝ።

"እኔም አልዋሽም ጋሼ። አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ ከወጣች እዚያው ያስቁሙኝ።"

"እንግዲያው እቆማለሁ። አፌን ግን አልከፍትም።"

በመሀል ሜዳ ከተማ በኩል አድርገን ራቤል ገባን፤ አደርንና ጎህ ሳይቀድ ወይዘሮ በለጡ ደጅ ቆምን። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ፤ ስለ እቴቴ እጅ ሐዘንተኛ ነኝና ውሸት የለበትም። በሩ ተከፈተ። ደቃቃ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ወጡ።

"እንደምን አደራችሁ?"

ዝም አልን።

ጋሼ ተክሌን አዩ። የተዘቀዘቀ ነጠላዬን አዩ። የበሩን መቃን ያዙ።

"ስሜ ደብሪቱ ይባላል" አልኳቸው። "የመጣሁት ከሞላሌ ነው፤ ቤቴም ከገበያው በላይ ነው። ስለ ልጅዎ አስቸኳይ መልእክት ይዣለሁ። መስማት ካልፈለጉ አልፈልግም ይበሉኝ፤ እመለሳለሁ።"

ሕጉ የሚለውን ሁሉ አሟልቻለሁ። ማንነቴን ተናግሬያለሁ፣ አድራሻዬን ሰጥቻለሁ፣ አልፈልግም የሚሉበትንም መንገድ አሳይቻለሁ። የየትኛው እናት አፍ ነው አልፈልግም የሚለው?

"ሰይፉዬ?" አሉ በሹክሹክታ። መቃኑን እንደያዙ ተንሸራተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። "ሰይፉዬ ነው? ንገሪኝ፣ በእመብርሃን።"

ዝም አልኳቸው። እቴቴን በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ዝም አልኩ። ደረታቸውን ለመምታት እጃቸውን ሲያነሡ ጋሼ ተክሌ ክንዴን ጨበጡኝ፤ አፌን አልከፍትም ያሉት ሰው "ደብሪቱ፣ ይበቃል" አሉ። ጎንበስ ብዬ ሴትዮዋን አየኋቸውና እጃቸውን ያዝኩ።

"አልሞተም። ደህና ነው። ሶፋ እየሸጠ ነው።"

እዚያው መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ምን እንደሚያደርገን እያወቀ ነው የጻፈው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እያወቀ ነው። ራሱ ነግሮኛል።"

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ "ደውይልኝ" አሉኝ። ደወልኩ። "እማዬ!" ሲል ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

"ሰይፉ" አሉት፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፤ "መርዶህን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ።"

"የምን መርዶ እማዬ? ማን ነው ያለሽ?"

"ራስህ ነህ የላክኸው፤ ዞሮ ዞሮ እኔ ደጅ ደረሰ። ጎረቤት ሳልጠራ ብቻዬን አልቅሼልሃለሁ። አልሞትኩም የምትል ከሆነ ሞላሌ ና፤ እዚያ እጠብቅሃለሁ።" ስልኩን መለሱልኝ።

ሴትዮዋ የዚያኑ ቀን ከእኛ ጋር ወረዱ። እቴቴ ቤት ገቡና ያቺን የሞተች እጅ ይዘው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ።

ሰይፉ በማግስቱ መጣ። የተተኮሰ ልብሱን እንደለበሰ እናቱ ከግቢው አጥር ድንጋይ አንሥተው ማጅራቱ ላይ አስቀመጡለት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ የተበደለው "አውርድ" ካላለ አይወርድም። ሽማግሎቹ "ወርቄ፣ ስለ እግዚአብሔር" አሏት። እቴቴ ደጅ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። "አውርድ" ማለት ትችላለች፤ ከቀሩላት ቃላት በላይ አይከብድም። አላለችም። ፀሐይ ናላ እስክታዞር ቆመ። ላቡ ወረደ፣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። እናቱ አጠገቡ ቆመዋል፤ አልለመኑለትም። እኔ? እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠግቤ አየሁት።

በመጨረሻ እቴቴ በግራ እጇ ጠራችው። ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። ግድግዳው ጋ ያለውን የበግ ጠጉር የሞላ ቅርጫትና እንዝርቱን አሳየችው።

"ፍተል" አለችው። ቃሉ ተጣሞ ወጣ፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። "እጄ… አንተ።"

ድንጋዩን ጋሼ ተክሌ አወረዱለት። ሽማግሎቹ ተያዩ፤ በአገራችን ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም። ሰይፉም ያን የፍርድ ቃል ይግባኝ የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ጠጉር እስኪያልቅ ድረስ ሞላሌ ከረመ። በገበያ ቀን ሰው እየቆመ ያየዋል። ስልኩ ይጮሃል፤ እናቱ ነጥቀው ይዘጉታል። ፈትሉ ሲጎረብጥ እቴቴ በግራ እጇ ትበጥስና "ድገም" ትለዋለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ እኔ ተለውጫለሁ። ሕግ ያላወቀው በደል በደል አይደለም የሚለኝን ሰው አላምነውም። አዋጁን አልጠላውም፤ የጻፉት ሰዎች ደህና አስበዋል። ግን በአንድ ርዕስ ውስጥ የእናት ልብ እንዳለ አላሰቡም። እናንተ "አልፈልግም ብለው ይመልሱ" የምትሉ ነጋዴዎች ደግሞ ይህን ስሙ፤ ሰው ደጁ ላይ የቆመውን ካየ በኋላ አልፈልግም ማለት አይችልም። የወይዘሮ በለጡን ፊት አስታውሳለሁ። አላስደሰተኝም። ግን ያንን ዝምታ ዛሬም ቢሆን አላሳጥረውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ልጃቸው ሊረዳ የቻለው በእሳቸው በኩል ብቻ ነበር።

ጠጉሩ ያለቀ ቀን እቴቴ ግራ እጇን አንሥታ ራሱ ላይ አደረገችለት። ይቅር አለችው ማለት ነው። ሽማግሎቹ መረቁ፣ እናቱ አለቀሱ። ሰይፉ ጣቶቹ ቆስለው፣ ልብሱ ጠጉር ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

"እሳቸው ይቅር ብለውኛል" አለኝ። "አንቺስ?"

ቀና ብዬ አየሁት። ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር።

"አሁን መልስ የለኝም። ስወስን አስቸኳይ መልእክት እልክልሃለሁ" አልኩት። "ስልክህን እያየህ ጠብቅ።"

ይኸው ስንት ዓመቱ። በየበዓሉ ይደውላል፤ ለእቴቴ መድኃኒት ይልካል፤ በመጨረሻም ሁልጊዜ "ከደብሪቱ የመጣ ነገር የለም?" ብሎ ይጠይቃል አሉ። እስካሁን አልላክሁለትም።